ለአንድ ከዘራ አራት ገላጋይ

አስቀድሜ ልናገር፦ የተቆጣን ሰው ለማብረድ አንድ ሰው ይበቃል።

ዛሬ ፕሪንስዳል ሰፈር ባለው ሲከየም፣ ማለትም የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት፣ ጋሽ ተስፋይን ልንጠይቅ ሄድን። የመርሳት ሕመም አለባቸው። ወጣቷ ተንከባካቢ ሣራ ካፖርታቸውን ላውልቅልዎ ስትል ከዘራ አነሱባት። ልጅቷ ግድግዳ ተደግፋ ቀረች።

እኛ አራት ጠያቂዎች እንደ ልማዳችን ለግልግል ከበብናቸው። «ይተው ጋሼ! ኧረ በማርያም!» ከዘራው ይብስ ከፍ አለ።

ሦስቱን ከክፍሉ አስወጣኋቸው። (አስተማሪ ጡረታ ቢወጣም ማስወጣት አይረሳም።) ለሣራ የበሩን መንገድ ከፈትኩላት። ከዚያ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩና በቀስታ «ጋሽ ተስፋይ፣ ካፖርቱ ይቆይ?» አልኳቸው።

«ይቆይ! ይበርደኛል እኮ!»

«እሺ ጋሼ፣ ይቆይልዎ» አለች ሣራ ከበሩ።

ከዘራውን አወረዱ። «እነዚያ ጯሂዎች ሄዱ?»

እሑድ ይህንኑ ለጠያቂ ቤተሰቦች አስረዳለሁ። እናንተስ እንዲህ ያለ ቁጣ እንዴት አበረዳችሁ? እባካችሁ እስከ ቅዳሜ ጻፉልኝ።