የተቆለፈው ሰባት ቤት

እኔ ነገር የምረሳ ሰው አይደለሁም። ማን ምን እንዳለኝ ቀኑን ከነሰዓቱ እይዛለሁ፤ ቤተሰቡም ለዚህ ይፈራኛል። ታዲያ የገዛ ኮምፒዩተሬ የይለፍ ቃል አስገቢ ብሎ ሲያፈጥብኝ አንዲት ፊደል እንኳ ትዝ አላለችኝም።

ያን ጊዜ ኢየሩሳሌም ውስጥ፣ ፒስጋት ዘኤቭ በሚባል ሰፈር ከአባቴና ከታናሽ እህቴ ጋር ነበር የምኖረው። አባቴ ጎንደር ሳሉ ዘር ቆጣሪ ነበሩ። በእኛ በቤተ እስራኤሎች ወግ ሁለት ሰዎች ሊጋቡ ሲያስቡ በሁለቱም ወገን እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። አንድ አያት ላይ ከተገናኙ ጋብቻው ቀረ ማለት ነው። እዚህ ከመጣን በኋላም ሰዎች ከሌላ ከተማ ሳይቀር እየደወሉ አባቴን ይጠይቁ ነበር። እኔም አንድ የዝናብ ወራት፣ ማታ ማታ ከሥራ ስገባ፣ አጠገቤ አስቀምጬያቸው የራሳችንን ዘር በአማርኛ ፊደል ወደ ኮምፒዩተሩ አስገባሁ። እሳቸው ይላሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። እህቴ ዘፈንና ፎቶ ስታራግፍበት እንዳታጠፋብኝ ብዬ ቆለፍኩት።

በዓመቱ አባቴን ግማሽ ጎናቸውን መታቸው፤ አንደበታቸውም ተዘጋ። ከሆስፒታል ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሆስፒታል ስንል ኮምፒዩተሩ ለወራት አቧራ ለብሶ ከረመ። አባቴ መስኮቱ ሥር ወንበራቸው ላይ ይቀመጣሉ። እናበላቸዋለን፣ እናለብሳቸዋለን፣ ስለ እሳቸውም እፊታቸው እናወራለን።

እህቴ የምትወደውን ሰው ይዛ የመጣችው በዚህ መሃል ነው። ጥሩ ልጅ ነው፤ እንከን ልፈልግለት ብዬ አጣሁ። ግን የሱም አባት እንደኛ ከወገራ ናቸው። ወገራ ሲባል የእኛ ዘመዶች ተያዩ። የአባቴ እናት ወገን ካልተቆጠረ እሺ አንልም አሉ። የልጁ ሽማግሎች የሚመጡት ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሁድ ቀን ነበር።

«እትዬ፣ ማሕሼቩ ውስጥ አለ አላልሽም?» አለች እህቴ። ኮምፒዩተሩን በዕብራይስጥ ነው የምትጠራው። «ክፈቺውና ይታይ።»

ከፈትኩት፤ ሲስማ አለኝ፣ የይለፍ ቃል ማለቱ ነው። የመንደራችንን ስም ሞከርኩ። የመታወቂያ ቁጥሬን፣ የእናቴን ስም፣ ወደዚህ አገር የገባንበትን ቀን ሞከርኩ። በንዴት የጻፍኳቸው ስድቦችም ነበሩ፤ አንዱ እውነት ሆኖ ቢገኝ አይገርመኝም ነበር። መሃል ከተማ አንድ ኮምፒዩተር ጠጋኝ ዘንድ ደወልኩ። «ጠርጌ እንደ አዲስ አደርግልሻለሁ» አለኝ። ምን እንደሚጠርግ ብጠይቀው «ሁሉንም» አለ። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

አማራጭ ስላጣሁ አንድ መነኩሴ ትዝ አሉኝ። እኔ የምሠራው ኢትዮጵያ ጎዳና በሚባለው መንገድ፣ አንዲት አሮጊት ቤት ነበር፤ አጥባቸዋለሁ፣ መድኃኒታቸውን እሰጣቸዋለሁ። ወደዚያ ስሄድ እዚያው ባለው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በር ሳልፍ ከመነኩሴው ጋር ሰላምታ እንለዋወጣለን። የግዕዝ መጻሕፍት በኮምፒዩተር እንደሚጽፉ፣ ማሽኑ ሲበላሽም ራሳቸው እንደሚጠግኑ ሰምቼ ነበር። ያወላወልኩት ስለ አባቴ ነው። እሳቸው በልጅነታቸው ክርስቲያን ከነካቸው ወንዝ ወርደው ሳይታጠቡ ቤት አይገቡም ነበር። አሁን ሰባት ቤታቸውን ተሸክሜ መነኩሴ ዘንድ ልሄድ ነው። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን ብዬ የኮምፒዩተሩን ሳጥን በአንሶላ ጠቅልዬ ወጣሁ።

በዚያ ዘመን ቦምብ ስለሚፈራ በኢየሩሳሌም አውቶቡስ የተጠቀለለ ነገር ይዞ መግባት ቀላል አልነበረም። ሾፌሩ አስፈታኝ። ከፊት የተቀመጡት ሁለት ሴቶች ሳጥኑን አይተው፣ ኮምፒዩተር መሆኑንም ሰምተው፣ ለማንኛውም ብለው ወረዱ።

መነኩሴው በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ መጻሕፍት በተደረደሩባት ክፍላቸው ሳጥኑን ከራሳቸው ስክሪን ጋር አገናኙት። ሲነሣ አንዲት ቁልፍ ደጋግመው ጫኑ። ጥቁር መስኮት መጣ፣ ከዚያም አይቼው የማላውቀው የመግቢያ ገጽ። ከእኔ ስም በላይ «አስተዳዳሪ» የሚል ሌላ ስም ተቀምጧል።

«ይኼ ማነው አባ? ቤቴ ውስጥ ሌላ አስተዳዳሪ አለ?»

«ሲሠራ አብሮት የሚመጣ ነው ልጄ። የሁሉ የበላይ እሱ ነው። ለሱ የይለፍ ቃል አበጅተሽለት ነበር?»

«መኖሩንም አላውቅ!»

«እንግዲያው ባዶ ነው።» ምንም ሳይጽፉ አስገባ የሚለውን ቁልፍ ብቻ ጫኑ። ገባ። ስንት ሌሊት ያነባሁበት በር አልተዘጋም ነበር፤ ደስም አለኝ፣ ተናደድኩም። መነኩሴው የእኔን የይለፍ ቃል አንሥተው አዲስ እንዳወጣ አደረጉኝና ተነሡ። «የዘር ነገር የቤተሰብ ነው፤ ብቻሽን እይው» ብለው አትክልታቸውን ሊያጠጡ ወጡ።

ጽሑፉን ከፈትኩ። የአባቴ አባት ወገን ሰባቱም ቤት ከነመንደሩ፣ ከነቅጽል ስሙ አለ። ወደ እናታቸው ወገን ወረድኩ። አንደኛ ቤት፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። አራተኛው ቤት ላይ «ወዘተ» ይላል።

ወዘተ! ሌላ ማንም አልጻፈውም፣ እኔ ነኝ። ያን ማታ ትዝ አለኝ፤ ወገቤን ይቆርጠኝ ነበር፣ እንቅልፌ መጥቷል፣ እሳቸው ደግሞ ከስም ወደ ስም ይሄዳሉ። «ጻፍሽው?» ሲሉኝ «አዎ፣ ጽፌዋለሁ» እላቸው ነበር። ማንበብ አይችሉም፤ አመኑኝ። እዚያች ክፍል ውስጥ ተቀምጬ በእፍረት ተቃጠልኩ።

ለእህቴ ስነግራት አልጮኸችም። «እትዬ፣ አንቺ?» አለችና ክፍሏ ገባች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እሁድ ሽማግሎቹ መጡ። በዕድሜ ከሁሉ የሚበልጡት በምርኩዝ የሚሄዱት የልጁ አያት ናቸው። ነገሩን አልደበቅኩም፤ ጥፋቱ የኔ መሆኑን፣ ከሦስተኛው ቤት ወዲያ እንደሌለ ተናገርኩ። ዘመዶቻችን አቀረቀሩ። የልጁ አያት ግን እኔን ትተው ዙሪያውን ቃኙ።

«አባትሽ ይሰማሉ?»

«ይሰማሉ፤ ግን አይናገሩም።»

«ታዲያ ከመስማት ሌላ ምን ያስፈልጋል?» አሉና ወንበር አስጠግተው የአባቴን ደህና እጅ ያዙ። «የእርስዎን እርስዎ በልብዎ ይያዙ። እኔ የኛን ልቁጠር። የሚነካን ቦታ ከደረስኩ እጄን ይጨብጡኝ።»

ቆጠሩ። አንድ ቤት፣ ሁለት ቤት። አምስተኛው ላይ፣ አንዲት ሴት ሲጠሩ፣ የአባቴ ጣቶች ጨበጡ። እህቴ ግድግዳውን ያዘች። ሽማግሌው አልደነገጡም። የሴትዮዋን ስም ደገሙ፣ የአባቷን ስም ጨመሩ፣ የተዳረችበትን መንደርና ወንዙን ተናገሩ። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው አሰቡ። ከዚያ ጣታቸውን አንድ በአንድ ፈቱ። ስሟ አንድ ቢሆንም ሴትየዋ ሌላ ነበረች። ስድስት ተባለ፣ ሰባት ተባለ፤ እጃቸው እንደተፈታ ቀረ።

«አልተነካካንም» አሉ የልጁ አያት። «እርስዎ ካሉ እኛም ብለናል።»

እልልታው ደረጃው ድረስ ተሰማ። እህቴ አባቴ ጉልበት ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲድሩ የኖሩት አባቴ ደህናው ጉንጫቸው ፈገግ አለ።

እንግዶቹ ሲሄዱ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «አባባ፣ ያን ሁሉ ቀን ስንጨነቅ ምነው በምልክት እንኳ ቢነግሩኝ?» ልላቸው አፌን ከፈትኩና ያን ጠዋት አስታወስኩ። ሳጥኑን በአንሶላ ጠቅልዬ ስወጣ ቀሚሴን ይዘው ጎትተውኝ ነበር። ደጋግመው ደረታቸውን መቱ፤ እኔ፣ እኔ እንደማለት። ቸኩዬ ስለነበር የጠማቸው መሰለኝ፤ ውሃ ቀድቼ ሰጠኋቸው። ዓይን ዓይኔን እያዩ ጠጡልኝ።