ዘመድ ጥየቃ የሄደችው ሚስት

ጅግጅጋ የገባሁት ሙሽራ ሆኜ ነው። ባለቤቴ እዚያው ተወልዶ ስላደገ ሶማልኛው እንደ አፍ መፍቻው ነው። እኔ ግን ከሞጆ ይዤው የመጣሁት አማርኛ ከጎረቤት ሴቶች ጨዋታ አላስገባኝም። ነፋሱ፣ አቧራው፣ ሰው ሲስቅ በእኔ የሚስቅ መምሰሉ፣ ሁሉም መረረኝ። ስድስት ወር ሳይሞላ ልብሴን በሻንጣ ከትቼ አልጋ ስር ደበቅኩ። ቅዳሜ ጠዋት በድሬዳዋ አውቶቡስ ተሳፍሬ ወደ እናቴ ልመለስ ቆርጬ ነበር። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ዓርብ ዓርብ ከሰዓት አከራያችን ቤት የህንድ ፊልም ይታያል። ሴትዮዋን ሁላችንም ኤዶ እንላቸዋለን፤ አክስት እንደማለት ነው። ካሴቱ የሚመጣው በሶማልኛ ተተርጉሞ ሲሆን አንድ ድምፀ ወፍራም ሰውዬ ሽማግሌውንም፣ ሕፃኑንም፣ የምታለቅሰዋንም ሙሽራ ብቻውን ይናገርላቸዋል። ባለቤቴ ደግሞ አጠገቤ ቁጭ ብሎ በጆሮዬ ወደ አማርኛ ይመልስልኛል። ዘፈን ሲመጣ ሁለቱም አስተርጓሚዎች ዝም ይላሉ።

በመሄጃዬ ዋዜማ፣ ዓርብ የታየው ፊልም ስለ አንድ ልብስ ሰፊና ስለ ሚስቱ ነበር። ሲጋቡ የተዘፈነው ዜማ ልጅ ሲወልዱም ሲያረጁም ይመለሳል። መሀል ላይ ሚስትየው ሻንጣዋን አንጠልጥላ ባቡር ተሳፈረች።

"ምን አለች?" አልኩት።

ባለቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ዘመድ ልትጠይቅ ነው፤ ትመለሳለች" አለኝ።

እውነትም ተመለሰች፤ ግን ጸጉሯ ሸብቶ ነበር። "ምን ዓይነት ጥየቃ ነው ይሄ?" ብዬ ብጠይቀው "የህንድ አገር ሰፊ ነው" አለኝ። ሳቄ አመለጠኝ፤ ኤዶ ሳይቀሩ ዞረው አዩኝ። ጅግጅጋ ከገባሁ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ባልየው ደጃፍ ወጥቶ ሲቀበላትና ያ ዜማ ሲመለስ ግን አለቀስኩ። ሄዶ መመለስም አለ ለካ፣ እኔም ለፋሲካ እናቴን ጠይቄ እመጣለሁ ብዬ ማታውኑ ሻንጣዬን ፈታሁ።

ከዚያ በኋላ ልጆች አሳደግን። እኔ ጨርቅ ሱቃችን ውስጥ ከደንበኞች ጋር ስከራከር ሶማልኛ ለመድኩ፤ የባለቤቴ ጆሮ ደግሞ እየደከመ ሄደ። ያ ፊልም እንደ አዲስ ተሠርቶ፣ እንደ ድሮውም በሶማልኛ ተተርጉሞ ሲወጣ ልጃችን በፍላሽ ላከችልን። አሁን አስተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ።

መጀመሪያ ላይ ተናደድኩ። የሠርጉን ዜማ ከበሮ በከበሮ አድርገውት ሙሽሮቹ በረዶ ተራራ ላይ ይጨፍራሉ። ልብስ ሰፊ በረዶ ላይ ምን ይሠራል? ትዳሩን ግን አሳምረውታል። ሚስትየው ታኮርፋለች፣ ሳህን እያጋጨች ታጥባለች፣ ባልየው ሲያንኮራፋ በክርኗ ትጎስመዋለች። ይሄንን ከእኛ ቤት ነው የወሰዱት አልኩ።

ከዚያ ሻንጣዋን አነሳች። "አገርህን አገሬ ላደርግ ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። አልመለስም" አለች፣ በዚያው በወፍራም የወንድ ድምፅ።

ክው አልኩ። ፊልሙን አቁሜ የሰማሁትን ነገርኩትና "የድሮዋም እንዲህ ነበር ያለችው?" ብዬ በደህናው ጆሮው ጮህኩበት።

ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል "ሻንጣሽን አልጋ ስር አይቼው ነበር" አለ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኛው እስኪጠራ ልጆች ወልደን ድረናል። ልቆጣ ይገባኝ ነበር። ግን ያቺ ውሸቱ ባትኖር ልጆቼ የት ነበሩ? ኤዶስ በመጨረሻ ሕመማቸው የማንን እጅ ይዘው "ልጄ" ይሉ ነበር? ከአንጀቴ አመሰገንኩት፤ በልቤ ነው እንጂ ጮክ ብዬ ብነግረው ይኮፈስብኛል።

ፊልሙን ለቀቅኩት። ሴትየዋ ሸብታ ተመለሰች። አሁን ከበሮውን ሁሉ ትተው እሷን ብቻዋን፣ ያለ ቃል፣ ዜማውን እንድታንጎራጉር አድርገዋታል። ባለቤቴ ከንፈሯን አየ እንጂ ድምጿን አልሰማም።

"ምን አለች?" አለኝ።

"ዘመድ ጠይቄ መጣሁ እያለች ነው።"

"ቆየችሳ!"

"የህንድ አገር ሰፊ ነው" አልኩት፤ ከዚያ አፌን ጆሮው ላይ ለጥፌ ዜማውን እኔው አንጎራጎርኩለት።