ደከመኝ ስል ምን ማለቴ ነበር

መጀመሪያ የተሰማኝ በእግሬ ጣቶች ላይ ነው። ሰኞ ጠዋት ነጠላ ጫማዬን ሳጠልቅ ጣቶቼ ውስጥ ጉንዳን የሚሄድ መሰለኝ። ብዙ ሰዓት ተቀምጦ የተነሣ ሰው እግሩን እንደሚደነዝዘው ነበር፤ እኔ ግን ገና ከእንቅልፌ መነሣቴ ነው። ከአሥር ቀን በፊት ተቅማጥ ይዞኝ ሦስት ቀን ተኝቼ ነበር። እሱ ስላለፈ ሁለቱን የሚያገናኝ ነገር አለ ብዬ አላሰብኩም። ይህን የምታነቡ ሰዎች ግን አስቡ። የጻፍኩት ለእናንተ ነው።

አስቴር እባላለሁ፤ የአማርኛ መምህር ነኝ። ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። ሸዋ ሮቢት ተመድቤ ስመጣ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ሙቀቱን እስከ ዛሬ አልለመድኩትም፣ ባሌን ግን ለምጃለሁ። ጌታሁን እዚያው የቀወት ወረዳ ልጅ ነው። የወረዳው የግብርና ባለሙያ ሲሆን የሚያጠናው ማሾ የሚባለውን ጥራጥሬ የሚበላ ጥንዚዛ ነው። ሰዎች ስለ ሚስታቸውና ስለ ልጆቻቸው ሲያወሩ እሱ ስለ ጥንዚዛ ያወራል።

ማክሰኞ ጠመኔ ከእጄ ወደቀ። ረቡዕ ሽንት ቤት ቁጢጥ ብዬ ስነሣ በሩን መያዝ ግድ ሆነብኝ። ያን ሰሞን ትምህርት ቤታችን ቢፒአር በሚሉት የአሠራር ለውጥ ሥልጠና ላይ ስለነበር ከክፍል ከወጣን ጀምሮ እስከ ማታ ተቀምጠን እንሰበሰባለን። ያልደከመው መምህር አልነበረም። እኔም ቤት ስገባ «ደከመኝ» አልኩ፤ ጌታሁንም «አይፈረድብሽም» አለኝ።

ሐሙስ ጠዋት በባጃጅ ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰደኝ። ስሙን አልጠራም።

«ምንሽን ነው?» አለኝ ባለሙያው።

«ደከመኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሰኞ።»

ጻፈ። ደም ሰጠሁ። ወባ አልተገኘም። «ታይፎይድ ነው» አለኝ። በእኛ አገር ታይፎይድ አለብህ ያልተባለ ሰው ያለ አይመስለኝም። ጉልበቴን አልነካም፣ ተነሺ አላለኝም። እንክብሌን ይዤ ተመለስኩ። አማቴ በበኩላቸው ምች ነው ብለው ዳማከሴ በእጃቸው አሽተው አሸተቱኝ። እሱ ቢያንስ ጥሩ ይሸታል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ አልደበቅሁም። ለባሌም፣ ለባለሙያውም፣ ለአማቴም ተናግሬያለሁ። የደበቀው የተናገርኩበት ቃል ነው። ይህን የምለው የቃልን ፍቺ በማስተማር እንጀራዋን የምትበላ ሴት ነኝ።

ጌታሁን በዚያ ዘመን አንድ የኢንተርኔት ገጽ ላይ አባል ነበር። የየዘርፉ ተመራማሪዎች ጥናታቸውን ማንም እንዲያነበው የሚያወጡበት፣ ከጥናቱም ሥር የሚወያዩበት ቦታ ነው። እሱም ያችን ጥንዚዛውን ጽፎ አውጥቷት ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ አስፋልቱ ዳር ካለው የዘሃራ ኢንተርኔት ቤት ይቀመጥና ገጹ እስኪከፈት ሻዩን ጠጥቶ ይጨርሳል። ከጽሑፉ ሥር አንድ ህንዳዊ የነፍሳት ተመራማሪ፣ አንዲት የዕፅዋት ምሁርና በይፋት የእህል ስሞችን የሚሰበስብ ኢትዮጵያዊ የቋንቋ ሰው ይከራከሩ ነበር። የመጨረሻው ስለ ጥንዚዛው ደንታ አልነበረውም፤ «ማሾ» የሚለው ቃል ከየት መጣ ነው ጭንቀቱ።

ሐሙስ ከሰዓት ጌታሁን እዚያ ሄደ። ሌላ ቦታ መጻፍ ስለማያውቅ ከጥንዚዛው ሥር «ይቅርታ፣ ከርዕሱ ውጪ ነው፤ ባለቤቴን አሟታል» ብሎ ጀመረ። «ደከመኝ» ያልኩትን በእንግሊዝኛ «ፋቲግ» አለው።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ መልስ መጥቶ ነበር። ሁሉም በየሙያው አይቶኛል። የነፍሳቱ ሰው ቤት ውስጥ የተከማቸ ማሾ ላይ ፀረ ተባይ ነስንሳችኋል ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ሦስት ጆንያ ማሾ ከመኝታ ቤታችን ወጣ። የዕፅዋቷ ምሁር ጓያ ትበላለች ወይ አለች፤ ጌታሁን ከደብረ ብርሃን እናቴ የላከችልኝን ሽሮ በጥርጣሬ አሸተተው። እናቴ ሽሮዋ ውስጥ ጓያ ጨመረች መባሉ ከበሽታው በላይ አናደደኝ። በዚህ መሐል እኔ አልጋ ላይ ነበርኩ። ድንዛዜው ጉልበቴን አልፏል። ማንኪያ መያዝ አቅቶኛል። ሁለቱም ያሉት ነገር እግር እንደሚያሰንፍ ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ስለዚህ አልቀልድባቸውም።

ከቀትር በኋላ ጌታሁን እንደገና ከዘሃራ ቤት መጣ። ከበሩ ላይ ቆመ።

«አስቴር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። መነሣት አልፈለግሽም ወይስ መነሣት አልቻልሽም?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«የቋንቋው ሰውዬ ነው ጠይቃት ያለኝ። ‹ፋቲግ ብለህ የጻፍከው በአማርኛ ምን ብላ ነው? ደከመኝ ካለች ሁለት ነገር ይሆናል› ይላል። መልሺልኝ።»

ልቆጣ አፌን ከፈትኩ። ከዚያ እግሬን አየሁት። ተነሥ አልኩት። አልተነሣም። ጣቱን እንኳ አላነቃነቀልኝም።

«አልቻልኩም» አልኩ።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ እኔም አላወቅሁም ነበር። ያን ጊዜ ፈራሁ።

ጌታሁን ሮጦ ሄደና መልሱን ጻፈ። ብዙም ሳይቆይ ዘሃራ ራሷ ሱቋን ዘግታ፣ የታተመ ወረቀት ይዛ አብራው በባጃጅ መጣች። ከአባላቱ አንድ ሐኪም ጉዳዩን አይቶ ኖሮ ሁለት ነገር እንዲሞክሩ አዟል። አንደኛው ጉልበቴን ከሎሚው በታች መታ ማድረግ ነው። ጌታሁን በአማቴ ማማሰያ መታኝ። እግሬ ዝም አለ። ልዩነቱን ለማየት የራሱን ሲመታ እግሩ ተወርውሮ በርጩማውን ገለበጠ። ሁለተኛው መቁጠር ነበር።

«ቲቸር፣ በአንድ ትንፋሽ ቁጠሪ ይላል» አለች ዘሃራ። «አላህ ያግዝሽ፤ ቁጠሪ።»

ሃያ ሁለት ላይ ትንፋሼ አለቀ። ወረቀቱ የመጨረሻው መስመር ላይ፣ ቁጥሩ ከቀነሰ ሕመሙ ወደ መተንፈሻ ጡንቻ እየወጣ ነውና የመተንፈሻ መሣሪያ ወዳለበት ሆስፒታል ሳትውሉ ሳታድሩ ውሰዷት ይላል። ከጌታሁን መሥሪያ ቤት ላንድክሩዘር ተለመነ። ዘሃራ በመስኮቱ በኩል እጄን ይዛ ዱዓ አደረገችልኝ። መያዟን አየሁ፤ ልጨብጣት ግን አልቻልኩም።

አቀበቱን እየቆጠርኩ ወጣሁት። ደብረ ሲና አሥራ ዘጠኝ። ጣርማ በር ዋሻው ውስጥ አሥራ አራት። ጌታሁን ጮክ ብዬ እንድቆጥር ይለምነኛል፤ እኔ ትንፋሼን ልቆጥብለት ወይስ ልቁጠርለት ግራ ገባኝ። ደብረ ብርሃን ኦክስጅን ሰጥተው አሳለፉን። ያደግሁበትን ከተማ ጣሪያውን እያየሁ አለፍኩ። አዲስ አበባ ስንደርስ ዘጠኝ።

የተቀበለችን ዶክተር ጉልበቴን መታች፣ ቁጥሬን ሰማች። ከጀርባዬ የጀርባ አጥንት ፈሳሽ አስወሰደች። «ጊያን ባሬ ሲንድሮም» አለች። «ተቅማጡን ያመጣውን ጀርም ሲያሳድድ የሰውነትሽ መከላከያ የነርቭሽን ልባስ መታው። ለዚህ የሚሰጠው ኢሚውኖግሎቡሊን የሚባል መድኃኒት በእጃችን የለም። ቬንቲሌተር ግን አለን። ነርቩ እስኪያገግም እሱ ይተነፍስልሻል።»

ቱቦው በጉሮሮዬ ገባ።

ድምፄ ጠፋ። እጄ ጠፋ። ፊቴ ጠፋ። የዓይኔ ቆብ አልከደን ስላለኝ ነርሶቹ በፕላስተር ይዘጉልኝ ነበር። ሲከፍቱልኝ ጣሪያ አያለሁ። ሲዘጉልኝ እሰማለሁ። መሣሪያው ይነፋል። ይቆማል። ይነፋል። በቆመ ቁጥር ዳግመኛ ላይነፋ ይችላል ብዬ እጠብቃለሁ። ሁሉም ይሰማኛል። አንድ ቀን ሲያገላብጡኝ ጆሮዬ ትራሱ ላይ ታጥፎ ቀረ። ማንም አላየውም። ያ ጆሮ ያን ዕለት መላው ዓለም ሆኖብኝ ዋለ። ሞትን አልፈራሁም ብል እዋሻለሁ፤ ከሞት ይልቅ የፈራሁት ግን እንዲህ ሆኖ መቅረትን ነው።

ዶክተሯ በየጠዋቱ ከመመርመሯ በፊት ፊቴ ላይ ጎንበስ ትላለች። «ንቃተ ሕሊናሽ ሙሉ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ትሰሚኛለሽ። ይመለሳል። መቼ ብለሽ ግን አትጠይቂኝ።» ብፈልግም መጠየቅ አልችልም ነበር። ያም ሆኖ ከሐኪሞቹ ለእኔ የምትናገረው እሷ ብቻ ነበረች፤ ሌላው ሁሉ በላዬ ነበር የሚያወራው።

ጌታሁን ደግሞ ያነብልኛል። ገጹ ላይ ያገኘውን ስለ በሽታው የተጻፈ ጥናት ሁሉ እያተመ፣ ስንቱ ዳነ ስንቱ ሞተ እያለ፣ እየተረጎመ ያነብልኛል። እኔን የሚያጽናና መስሎት ነው። ጆሮዬን መዝጋት አልችልም። ከመቶው ውስጥ የትኛዋ እንደሆንኩ እያሰብኩ እተኛለሁ። በቃህ ልለው እፈልጋለሁ። የምልበት የለኝም።

በስድስተኛው ቀን አንዲት ነርስ ዓይኔን ወደ ላይ ማንሣት እንደምችል አስተዋለች። ጌታሁን ወጥቶ፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የፊደል ገበታ ገዝቶ መጣ። «ባለሙያዋ አንቺ ነሽ» አለኝ። ጣቱን ከሀ ጀምሮ በግዕዙ ወደ ታች ያወርዳል፤ የምፈልገው ዘር ላይ ሲደርስ ዓይኔን አነሣለሁ። ከዚያ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያለ ወደ ጎን ይሄዳል፤ እንደገና አነሣለሁ። በክፍል ውስጥ በንጉሡ ሠ ፈንታ እሳቱን ሰ የጻፈ ተማሪ አልምርም ነበር። እዚያ አልጋ ላይ ግን ቀድሞ የመጣውን በጸጋ ተቀበልኩ።

ጀ፣ ሳብዕ። ረ፣ ሳብዕ። የ፣ ኃምስ። «ጆሮዬ» አለ ጌታሁን፤ ዳግመኛ ታጥፎ የነበረውን ጆሮዬንም ቀና አደረገልኝ። ቀጥሎ ምን ልል እንደሆነ በጉጉት ጠበቀ። ወ። ረ። ቀ። ቱ። ን። እየሣቀ ሊያነሣልኝ ወደ ወረቀቱ እጁን ሰደደ። ቆይ አልኩት በዓይኔ። ተ። ው።

«ወረቀቱን ተው።»

ወረቀቱን አስቀመጠ። ከዚያ ሣቀ፣ ከዚያ አለቀሰ። ከታመምኩ ጀምሮ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ቱቦው ወጣልኝ። ማገገም የሚሉት ነገር ረጅም ስለሆነ በአጭሩ ልንገራችሁ ብልም አይሆንልኝም፤ ከትከሻ ወደ ክንድ፣ ከክንድ ወደ ጣት፣ ከሁሉም በኋላ ወደ እግር እየወረደ፣ አንድ ሳምንት እየተራመደ አንድ ሳምንት እየቆመ፣ ሄደ ሲሉት እየተመለሰ፣ ሸዋ ሮቢት በተሽከርካሪ ወንበር ገብቼ በትምህርት ቤቱ አጥር እየተደገፍኩ መራመድ እስክጀምር ወራት ወሰደብኝ። ፊዚዮቴራፒስቱ ትንንሽ ነገር በጣትሽ እያነሣሽ ተለማመጂ ስላለኝ፣ ከመኝታ ቤት የተባረረው ማሾ በክብር ተመልሶ መጣና በየጠዋቱ ከአማቴ ጋር ሰፌድ ላይ እለቅም ጀመር፤ በመጀመሪያው ቀን አንዲት ፍሬ ለማንሣት የፈጀብኝን ጊዜ አማቴ ሳይቸኩሉ ጠበቁኝ፣ ስትነሣልኝም «እሰይ የኔ ልጅ» ብለው ያችን ፍሬ ለብቻዋ አስቀመጡልኝ። ዛሬም የግራ እግሬ ጣቶች ደንዛዛ ናቸው። ጠመኔ ግን አይወድቅብኝም።

ለቋንቋው ሰው በራሴ ጣት ጻፍኩለት፤ ምስጋናዬን ለመቀበል አፈረ። «ሐኪም አይደለሁም፤ ቃሉ ነው ያሳሰበኝ» አለኝ። ከዘሃራ፣ ከዶክተሯ፣ ከነርሶቹና ከማልለውጠው ባለ ጥንዚዛዬ ጋር እሱንም በጸሎቴ አስበዋለሁ፤ መልኩን ስለማላውቀው ሳስበው የምትታየኝ ጥያቄው ናት። ውይይቱ እስካሁን ከጥንዚዛው ጽሑፍ ሥር አለ። የዚሁ በሽታ ሰዎችና አስታማሚዎች እየፈለጉ ይመጡና ይጠይቃሉ፤ እኔ እመልሳለሁ። ስለ ማሾ ሊያነብ የመጣ ሰው ሳይደነግጥ አይቀርም።

ለእናንተ የምለው ይህ ነው። ሐኪም ፊት ስትቀርቡ የሚሰማችሁን ሳይሆን ያልቻላችሁትን ተናገሩ፦ መነሣት አቃተኝ፣ ማንኪያ ከእጄ ወደቀ፣ ደረጃ አልወጣ አለኝ በሉ። ድንዛዜው ከእግር ወደ ላይ እየወጣ ከሆነ አትደሩ። ኢንተርኔት ላይ ብትጠይቁ የተናገራችሁበትን አማርኛ አብራችሁ ጻፉ፤ የሚያነበው ማን እንደሆነ አታውቁም። መልሱም ሐኪም ቤት ያደርሳችሁ እንጂ ሐኪም ቤት አይሁናችሁ። ለአስታማሚ ደግሞ አደራዬ፦ ዝም ያለው በሽተኛ ይሰማችኋል። ስንቱ ሞተ እያላችሁ አታንብቡለት። ጆሮውን እዩለት።

ባለፈው ሳምንት ስድስት ክፍለ ጊዜ አስተምሬ፣ በዚያ ፀሐይ ከትምህርት ቤት በእግሬ መጥቼ አልጋው ላይ ወደቅሁ።

«ደከመኝ» አልኩ።

ጌታሁን ከወረቀቱ ላይ ቀና አለ። ወረቀቱን አስቀመጠና ጉልበቴን ያዘኝ። «የትኛው ነው?» አለኝ።

«መነሣት አልፈልግም» አልኩት።

«ተመስገን» አለና ወደ ጥንዚዛው ተመለሰ።