በእናቴ ጆሮ ቁመት

ባለፈው ሳምንት መገናኛ ላይ ወደ የካ አባዶ የሚሄደውን ታክሲ ሰልፍ ይዤ ስጠብቅ፣ ከጎኔ ባለው የእንጨት ሥራ ቤት በር ላይ አንድ ወጣት የዝግባ ጣውላ ይልግ ነበር። ያ ደረቅ፣ ትንሽ ጣፋጭነት ያለው የሰጋቱራ ሽታ ከኮላው ጋር ተቀላቅሎ ሲመጣብኝ ሰልፉ ወደ ፊት ሄደ፣ እኔ ባለሁበት ቀረሁ። ከኋላዬ የነበሩ ሴት «እህቴ፣ ይሄዳሉ ወይስ ልለፍ?» ሲሉኝ ነው የነቃሁት። አሳለፍኳቸው። ታክሲው ያለ እኔ ሞልቶ ሄደ፤ እኔም ወደ አሥራ ሦስት ዓመቴ ተመለስኩ።

ቤታችን ከሾላ ገበያ በላይ፣ ዳገቱ ወደ እንጦጦ ማሻቀብ በሚጀምርበት ላይ ነበር። ወለሏ ሊሾ፣ ጣሪያዋ ዝናብ ሲጥል ሰው ከሰው እንዳይሰማማ የሚያደርግ ቆርቆሮ የሆነች ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ናት። ጠዋት ጠዋት ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች በበራችን ሲያልፉ የባሕር ዛፉ ቅጠል አጥራችንን እየታከከ ይንሿሿል። አባቴ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ይሠራ ነበር። ቀኑን ሙሉ ፋይልና ዝምታ ውስጥ ስለሚውል ይመስለኛል፣ ማታ ቤት ሲገባ መጀመሪያ ቴፑን ይከፍታል፣ ኮቱን የሚያወልቀው ከዚያ በኋላ ነው። ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የውጭ አገር ሰው የገዛቸው ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች ነበሩት፤ እናቴ ልብስ ከምትሰፋበት መኪና ግራና ቀኝ መሬት ላይ ተቀምጠው ቦታ ስለሚያጣብቡባት፣ የደንበኞቿን ጨርቅ እላያቸው ላይ እየከመረች ትበቀላቸዋለች።

እናቴ በቤተ ክርስቲያኗ ኳየር ውስጥ ትዘምር ነበር። በዚያ ዓመት በበጋው ማጅራት ገትር ያዛት። ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኝታ ስትመለስ ከስታ ነበር እንጂ እሷው ነበረች፤ የሄደው ጆሮዋ ነው። ግራው ጨርሶ፣ ቀኙ ደግሞ ጠጋ ብሎ ካልጮኹበት በስተቀር። ሐኪሙ ለአባቴ የሚደረግ ነገር እንደሌለ ነገረው። ወደ ኳየሩ አልተመለሰችም። አባቴም ከሥራ ሲመጣ ቴፑን አልፎ፣ ኮቱን አውልቆ፣ ዝም ብሎ መቀመጥ ጀመረ። ለእሷ የማይሰማትን ለብቻው መስማት እንደ ስርቆት ሆኖበት ነበር።

ከዚያ አንድ የሥራ ባልደረባው አሮጌ የእንግሊዝኛ መጽሔት አመጣለት። መጽሔቱ ስፒከር መሬት ላይ ሲቀመጥ ድምፁ ይባክናል፣ በሰሚው ጆሮ ቁመት ልክ፣ በማይነቃነቅ ከባድ መቆሚያ ላይ መቀመጥ አለበት ይላል። አባቴ ያቺን ገጽ ስንት ጊዜ እንዳነበባት አላውቅም፤ በመጨረሻ ጓሮ ጠርቶ አሳየኝ። «በቀኝ ጆሮዋ ልክ ብናደርገውስ?» አለኝ። እኔ በትምህርት ቤት በሒሳብና በሥዕል ስመሰገን ስለከረምኩ ንድፉን የማወጣው እኔ እንድሆን ተስማማን። ለእናቴ ግን ምንም እንዳንነግራት አስማለኝ፤ ተስፋ ሰጥቶ መንሳትን ፈርቶ ነው።

ስለዚህ ሳትጠራጠር ልንለካት ነበረብን። መኪናው ላይ አጎንብሳ ስትሰፋ እኔ በጉልበቴ ተንበርክኬ ሜትሩን ከወለሉ ጀምሬ ወደ ላይ ስዘረጋ፣ አባቴ ጫፉን ጆሮዋ ሥር ያዘው። እናቴ ቀና ብላ ሁለታችንንም አየችን።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?» ድምፅዋን ራሷ ስለማትሰማው ጎረቤት እስኪሰማ ነበር የምትናገረው።

አባቴ ከንፈሩን እያጎላ «ቀሚስ ላሰፋልሽ» አላት።

«ሰፊዋ እኔ! ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ቀሚስ በጆሮ የሚለካው?»

አንድ ሜትር ሞላ። ከዚያ ላይ የስፒከሩን ግማሽ ቁመት ቀንሼ፣ መቆሚያው ሰባ ሳንቲ ሜትር እንዲሆን በሒሳብ ደብተሬ ባለ አራት ማዕዘን ገጽ ላይ ሣልኩት። አራት እግር፣ መስቀለኛ ማጠናከሪያ፣ ከላይ ጠፍጣፋ ጣውላ። በቅዳሜው ከአባቴ ጋር እንጦጦ ወጥተን ከአንድ ገበሬ ባሕር ዛፍ ገዛን፤ በመጋዝ ቆርጠን፣ በሚስማር መትተን፣ ስፒከሮቹን ጫንንባቸው። ቴፑን ለመክፈት ግን አባቴ ፈርቶ ዛሬ ነገ ይል ነበር። ያኔ ከእኔ የበለጠ ጎበዝ መሐንዲስ ያለ አይመስለኝም ነበር።

እንጨቱ ግን እርጥብ ነበር። ሲደርቅ እግሮቹ በየፊናቸው ተጣመሙ፤ አንደኛው መቆሚያ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያዘመመ፣ በሦስተኛው ሳምንት አባቴና እኔ ምሳ እየበላን ሳለ ስፒከሩ ተንሸራቶ ሊሾው ላይ በኃይል ጮኾ ወደቀ። እኔ ጮህኩ፣ አባቴ ሰሐኑን ጥሎ ተነሣ። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታ ሁለት ክንድ እንኳ በማይሞላ ርቀት ላይ መኪናዋን እየረገጠች ነበር። አልዞረችም። የያዘችውን እጅጌ ሰፍታ ጨረሰች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ ሌላውን እጅጌ አነሣች። አባቴ ስፒከሩን ሳያነሣ ቆሞ እሷን ሲያያት ትዝ ይለኛል። ሐኪሙ የነገረውን ያን ቀን ያመነው ይመስለኛል።

እኔ ነገሩ በዚያው የሚያበቃ መስሎኝ ነበር፤ አባቴ ግን በማግስቱ የተጣመመውን እግር ይዞ ከታች ሠፈር ወዳሉት አናጢ ወደ ጋሽ ወርቁ ወሰደኝ። ጋሽ ወርቁ እግሩን አገላብጠው አዩና፣ «አቶ ታደሰ፣ ይሄ እኮ ገና ውሃው አልወጣም» አሉ። ንድፌንም አዩት። «ማን ነው የሣለው?» ብለው አባቴ ሲያመለክታቸው ለረጅም ጊዜ አዩኝ። «ልኩ ጥሩ ነው። እግሩን ተዪውና እንደ ሣጥን አድርጊው፣ አራት ጣውላ ዙሪያውን ግጠሚ፣ ውስጡ ክፍት ይሁን» አሉኝ። ከፈረሰ ቤት የተረፋቸውን የዝግባ በር ሰጡን፤ አባቴ በምትኩ ለቀበሌ የሚያስገቡትን ማመልከቻ ጻፈላቸው። መላጊያቸውንም አዋሱን፤ ሊሠሩልን ግን እንቢ አሉ። «የራሳችሁ ሥራ ነው» ብቻ አሉ።

አንድ ወር ፈጀብን። ከመሥሪያ ቤትና ከትምህርት ቤት መልስ ጓሮ ተቀምጠን ስንልግ የእኔ ፀጉር፣ የአባቴ ቅንድብ፣ የእናቴ ጨርቅ ሳይቀር ሰጋቱራ ለብሶ ያመሻል። መጽሔቱ መቆሚያው መክበድ አለበት ስላለ፣ አባቴ ከወንዝ አሸዋ አምጥቶ፣ አጥቦ፣ አንሶላ ላይ ፀሐይ አስጥቶ አደረቀው። እናቴ በር ላይ ቆማ «ሰው አሸዋ ያጥባል?» ብላ ለመንገደኛው ሁሉ አሰማች። በመጨረሻ ሣጥኖቹን አሸዋ ሞልተን፣ ከላይ ጠፍጣፋውን ጣውላ ገጥመን፣ ቫርኒሽ ቀብተን፣ ከስፌት መኪናው ግራና ቀኝ አቆምናቸው። በእጅ ቢመቷቸው እንደ ግድግዳ ዝም የሚሉ ነበሩ።

አባቴ እሷ ከመግባቷ በፊት የተቀዳውን የኳየሯን መዝሙር ካሴት አስገብቶ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈተው። እኔ ጆሮዬን ያዝኩ። እናቴ መኪናዋን አቁማ፣ ቀኝ ጆሮዋን ወደ ስፒከሩ አዘንብላ፣ ዓይኗን ጨፍና ቆየች። የቀሚሱ ነገር ያን ጊዜ ነው የገባት። ዓይኗን ስትገልጥ አባቴን አየችው፤ ራሷን ነቀነቀች።

«ጩኸት ነው የሚሰማኝ። መዝሙሩ የለም» አለች። ከዚያ ፊታችንን ስታይ «ዕቃው ግን ያምራል» ብላ ቫርኒሹን ዳበሰችው። አባቴ ቴፑን ዘግቶ ወደ ጓሮ ወጣ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት እናቴ በየጠዋቱ ከቀኙ መቆሚያ ሥር አሸዋ ትጠርግ ጀመር። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ የአንዱን ጥግ ኮላ በደንብ አልቀባሁትም። ለአባቴ መናገር አፍሬ እሷ ስትጠርግ እያየሁ ዝም አልኩ። አሸዋው በሁለት ሳምንት ጨርሶ አለቀ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የቤት ሥራዬን እየሠራሁ፣ እሷን እንደማይረብሻት አውቄ ያንኑ ካሴት ከፈትኩት። እናቴ መርፌ ላይ ክር ልታስገባ ክንዷን ባዶው መቆሚያ ላይ አስደገፈች፤ ክሩም በመርፌው ቀዳዳ ፊት ቆመ። ክንዷን አነሣች። መልሳ አስቀመጠች። ከዚያ መዳፏን ዘርግታ ዝግባው ላይ ለጠፈችው።

«ስንተኛው መዝሙር ነው? አትንገሪኝ» አለች። ጣቶቿ እንጨቱ ላይ እየመቱ ነበር። «ሦስተኛው።»

ሦስተኛው ነበር። ሳላረጋግጥላት ከመካከሉ፣ ካሴቱ ከደረሰበት ስንኝ ላይ ገብታ መዘመር ጀመረች። ዜማዋ ከመዝሙሩ በትንሹ ዝቅ ያለ ነበር፣ ቃሉና ምቱ ግን አንድም ቦታ አልሳተም። አባቴ ከሥራ ሲመለስ ድምፅዋ ከአጥሩ ውጭ ደርሶት በር ላይ ቆመ፤ አልገባም፣ ደፉ ላይ ተቀመጠ። ስታየው በእጇ ጠራችውና የእሱንም መዳፍ እንጨቱ ላይ አደረገችለት። ከዚያ አሁንም አሸዋ የሞላበትን የግራውን መቆሚያ እንዲነካ አደረገችው። «ይሄኛው ሞቷል» አለችው።

ወዲያው የግራውን ሣጥን ገልብጠን አሸዋውን ጓሮ ደፋነው። «መጽሔቱ ተሳስቷል» አለ አባቴ፣ ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ። ስፒከሩን ራሱን ብትነካውስ ብሎ ጠይቋት ነበር፤ ያደነዝዘኛል፣ እንጨቱ ነው የሚያለዝበው አለችው።

ከዚያ ወዲህ ልብስ ሊያሰፉ የሚመጡ ሰዎች እናቴን አንድ ክንዷን መቆሚያው ላይ ጥላ፣ በአንድ እጇ ጨርቅ እየመራች፣ ሠፈሩን በመዝሙር ስታናውጥ ነው የሚያገኟት። ሥራዋ በዚህ ምክንያት ዘገየ፤ ለበዓል የታዘዘ ቀሚስ ከበዓሉ በኋላ የደረሰላቸው ብዙ ናቸው። አባቴም እንደ ድሮው ከነኮቱ ቴፑን መክፈት ጀመረ፤ ከከፈተው በኋላ ግን የሚያዳምጠው እሷን ነበር።

አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖረች። ከሞተች ብዙም ሳይቆይ ሠፈሩ ለመልሶ ማልማት ፈረሰ፤ ጋሽ ወርቁ ወዴት እንደሄዱ እንኳ አላወቅንም። አባቴን የካ አባዶ ወዳለው ቤቴ አመጣሁት፤ መቆሚያዎቹና ካሴቶቹም አብረውት መጡ። አንድ እሑድ ድምፅዋን እንፈልግ አለኝ። ቴፑ መቅጃ ነበረው፤ ከሬዲዮ ያልቀዳነው ነገር አልነበረም። ያን ክረምት እሑድ እሑድ እየተቀመጥን ካሴቶቹን አንድ በአንድ አዳመጥናቸው። ዜና ነበር፣ ያለቀ የእግር ኳስ ጨዋታ ነበር፣ እኔ ማባዛት በቃሌ ስወጣ ነበርኩ፣ የጎረቤት ውሻ ሳይቀር ነበር። እሷ የለችም።

የመጨረሻው ካሴት ሲያልቅ አባቴ እጁን መቆሚያው ላይ እንዳደረገ ቆየ።

«ሁልጊዜ ትዘምር ነበራ» አለ። «ማን ይቀዳታል?»