ኩፍኝ ሊጠይቁ የመጡ

ዛሬ ቀራንዮ፣ ኩፍኝ ወጣበት የተባለ ልጅ ቤት ስደርስ ጠያቂ ሞልቶታል። ግማሹ ሕፃን ታቅፏል። ብርቱካን ያልያዘ የለም፤ ማስክ ያደረግኩት ግን እኔ ብቻ ነኝ።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ በሽታው ሳይዛመት መድረስ ነው።

“እባካችሁ፣ ይተላለፋል፣ ሕፃናቱን አስወጡ” ብዬ ለመንኩ።

“እንዴ የኔ ልጅ፣ የታመመ አትጠይቁ ነው የምትይን?” አሉ የልጁ አያት።

ከጥግ አንዷ “አትቀየሟት፣ እቤትም እንዲሁ ናት” ስትል ዞርኩ።

እናቴ ናት! ለክትባቱ ዕድሜዋ ገና ያልደረሰ ልጄን አዝላለች።

ሰፈሩን ሁሉ ሳስተምር ነው የምውለው። እናቱን ማስተማር የቻለ ካለ፣ እስቲ እንዴት እንደሆነ ከታች ይጻፍልኝ። እኔ የልጄን ግንባር እየዳሰስኩ መልሳችሁን አነብባለሁ።