እንደ ዓባይ የሚፈስሰው ገመድ

የሚስቴ ወንድም፣ ይበልጣል፣ ኮሌጅ ውስጥ ፊዚክስ ያስተምራል። ይህችን ያዙልኝ። ባለፈው ቅዳሜ ለፍሪጅ ያጠራቀመውን ብር ቋጥሮ ፋሲሎ ሰፈር ወዳለ አንድ የስፒከር ሱቅ ጎትቶ ወሰደኝ፤ ገመድ ሊገዛ! የስፒከር ገመድ!

«ዓባይ ከጣና ውኃ ጋር ሳይቀላቀል ሐይቁን ሰንጥቆ ይወጣ የለ?» አለን ባለሱቁ፣ ገመዱን እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ። «በዚህ ገመድም ዘፈኑ ከጫጫታው ሳይቀላቀል ይወጣል።»

«ገመድ ነው ወይስ ጠበል?» አልሁ። ይበልጣል በክርኑ ጎሸመኝ።

«ዓይናችሁን ጨፍኑና ገመዱን ልቀይረው» አለ ባለሱቁ። ጨፈንን። ሲጫወት የነበረው ዘፈን ቀጥ አለ፤ ትንሽ ቆይቶ ማሲንቆ ተሰማ።

«እግዚኦ!» አለ ይበልጣል። «ከሐይቁ ማዶ እኮ ነው የሚመጣው!»

እኔንም ውርር አደረገኝ። አንድ ዓይኔን ገለጥ ሳደርግ ግን ቬንትሌተሩ ቆሟል፣ ማጫወቻው ጠፍቷል፣ ባለሱቁ ገመዱን እንደታቀፈ ደርቆ ቀርቷል። ማሲንቆው የሚመጣው ከጎን ካለው ፀጉር ቤት፣ ከባትሪ ሬዲዮ ነው።

«ኧረ ይበልጣል፣ መብራት ጠፍቷል!» ብዬ ጮኽሁ።

ዓይኑን እንኳ አልገለጠም።

«ዝም በል! ያለ መብራት እንዲህ የሆነ፣ መብራት ሲመጣማ አስበው!»