በጠራራ ፀሐይ የተዘጋ በር

ጀጎል ውስጥ የግቢ በር በቀን አይዘጋም። የዘጋ ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ ጎረቤቱን ንቋል። እዚህ ስኖር አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ በሬን በቀን የዘጋሁት አንዴ ብቻ ነው፣ እሱም ለፈተና።

ዲግሪውን በኦንላይን የጀመርኩት ጡረታዬ ሲቃረብ ነው። «አሁን ለምንሽ ነው?» ለሚለኝ ሁሉ መልስ አልሰጥም። እዚህ ግን ልጻፈው። ወጣት መምህርት ሳለሁ ለክረምት ትምህርት የሚያስፈልገውን ቅጽ ሞልቼ ለዳይሬክተራችን ወሰድኩ። ሳይፈርሙ መለሱልኝ። «አንቺ በዲፕሎማሽ ታምሪያለሽ» አሉ። ያን ክረምት በእኔ ቦታ የሚስታቸው እህት ሄደች። ስማቸውን አልጠራም፤ አንቱ የምላቸውም ለዕድሜያቸው ነው። ዛሬ ጡረተኛ ናቸው፣ ቤታቸውም ከእኔ ሦስተኛው በር ነው።

የኦንላይን ትምህርቱ ማስታወቂያ «በፈለጉት ሰዓት፣ በፈለጉት ቦታ» ይላል። እኔ የምፈልገው ማንም የማይፈልገኝን ሰዓት ነበር፤ የተገኘው ከምሳ በኋላ፣ ከተማው በርጫ ሲቀመጥ ነው። እነሱ ጫታቸውን ሲቅሙ እኔ ሞጁሌን አላምጣለሁ። እነሱ ይመረቅናሉ፣ እኔ አንቀላፋለሁ። ኔትወርክ ሲጠፋ ፈረስ መጋላ ካፌ ሄጄ በአንድ ሻይ ሦስት ምዕራፍ አነባለሁ። አስተናጋጁ ሰላምታ ያቆመው ያኔ ነው።

የመጨረሻው ፈተና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። ሕጉ ግልጽ ነው፦ ካሜራው ይከፈታል፣ በሩ ይዘጋል፣ ሌላ ሰው ከታየ ፈተናው ይሰረዛል። ከተሰረዘ የሚደገመው በዓመቱ ነው። እኔ ደግሞ የቀረኝ አራት ወር ነበር፤ የጡረታ ደብዳቤዬ ላይ «ዲፕሎማ» ተብሎ ሊጻፍ።

ሃያ ደቂቃ እንደሠራሁ በሩ ተንኳኳ።

«የእትዬ በር ተዘግቷል» አለች የፊት ለፊት ጎረቤቴ። «ወላሂ ጠዋት ደህና ነበሩ።»

«ሰው ጠዋት ደህና ሆኖ አይደል የሚሞተው» አለቻት ሌላዋ።

መናገር ክልክል ስለሆነ ዝም አልኩ። ዝምታዬ መሞቴን አረጋገጠላቸው።

«አቦ ቶሎ፣ ጋሼን ጥሯቸው፤ መሰላል አላቸው።»

የግቢዬ አጥር ከመስኮቴ ፊት ለፊት ነው፣ መስኮቱ ደግሞ ከኋላዬ። ስክሪኑ ላይ፣ ከትከሻዬ በላይ፣ መጀመሪያ ባርኔጣ ብቅ አለ፤ ከሥሩ ዳይሬክተሬ ነበሩ።

«አለች» አሉ ወደ ታች፣ ቅር እንዳለው ሰው። «ተቀምጣለች።»

አዲስ አበባ ሆኖ የሚጠብቀን ፈታኝ ድምፅ መጣ። «እማማ፣ ከኋላዎ ያሉት ሰው ማን ናቸው?»

«የቀድሞ አለቃዬ።»

«መልስ እየነገሩዎት ነው?»

«መልስ ቢያውቁ መሰላል ላይ ምን ያደርጋሉ?»

አልሳቀም። ፈተናውን እንድጨርስ ፈቀደልኝ፤ ነገር ግን የታዩት ሰው ምንም እንዳልረዱኝ በእጃቸው ጽፈው ካልፈረሙ፣ እኔም ያንን እስከ ማግስቱ ካልላክሁ፣ እንደሚሰረዝ ነገረኝ።

ስጨርስ ወጣሁ። ሰዉ በሕይወት መኖሬን ሰምቶ ተበትኗል፤ መሰላሉ አጥሬ ላይ ተደግፎ ቀርቷል። ወደ ግቢዬ አስገባሁትና ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ወደ ዳይሬክተሬ ቤት ሄድኩ።

በርጫ ላይ ነበሩ፣ አምስት ሰው አጠገባቸው። ጉዳዩን ነገርኳቸው። መነጽራቸውን ፈልገው፣ ባዶውን ወረቀት ብዙ ጽሑፍ እንዳለበት ሁሉ መረመሩት።

«ባልፈርምስ?»

«ልማድዎ ነው፤ አዲስ አይሆንብኝም።»

አብረው የሚቅሙት ማኘካቸውን አቆሙ። ከመካከላቸው አንዱ አዛውንት «ምን ልማድ?» አሉ። ለሠላሳ ዓመት ማንም ጠይቆኝ ስለማያውቅ ነገርኳቸው፤ ቅጹን፣ ክረምቱን፣ የሚስታቸውን እህት። አልጮህኩም። ሚስታቸው ሻይ ይዘው በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«አቦ ፈርምላት» አሉ አዛውንቱ። «ደግሞ አጥሯ ላይ ማን ውጣ አለህ?»

«ፈተናዋን ስትሠራ ምንም አልረዳኋትም» ብለው ጻፉ። ከሥሩ ፈረሙ። ፊርማቸው ያምራል፤ እኔ በሞላሁት ወረቀት ላይ አይቼው ስለማላውቅ ረጅም ጊዜ ተመለከትኩት።

አልፌያለሁ። ደብዳቤዬ ላይ «ዲግሪ» ተብሎ ተጽፏል።

መሰላሉን እንድልክላቸው ሁለት ጊዜ ሰው ልከውብኛል። በጽሑፍ ያመልክቱ ብያለሁ።